አብሽር ከማለታችን በፊት

(ደሴ ውስጥ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለወጣቶች ካደረግሁት ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

አሰላሙ አለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ሦስት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። ጥያቄ አልጠይቅም።

አዘጋጆቹ "ስለ ስነ ልቦና ቃላት አስረዳን" ነው ያሉኝ። ልጆቻችን ከስልክ የሚያመጧቸው ቃላት በዝተዋል። ትራውማ፣ ዲፕሬሽን፣ ቶክሲክ፣ ናርሲስት። ወላጅ ግራ ገብቶታል። እኔ ግን ከራሳችን ቃል ልጀምር። ሌላ አገር ስሄድ ወሎዬ መሆኔን የሚያሳብቅብኝ ቃል ነው። አብሽር።

ልጅ ሲወድቅ አብሽር። ፈተና ሲወድቅም አብሽር። ከብት ሲሞት፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ቪዛ ሲከለከል፣ አብሽር። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ የምሥራች ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ እንደ ማለት ነው። እዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይለዋል። እኔም እወደዋለሁ። እናቴ ስትለኝ አሁንም ትከሻዬ ቀለል ይላል።

በስነ ልቦና ምክር ሥራዬ ላይ ግን ይህ ቃል የዘጋውን አፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንዲት እናት መጡ። (ታሪካቸውን እንዳወራ ፈቅደውልኛል፤ የሚያሳውቃቸውን ነገር ቀይሬዋለሁ። ዛሬ የማነሳቸው ሰዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው።) እንደተቀመጡ "ሆዴን ባር ባር ይለዋል" አሉኝ። ጨጓራ ነው ተብለው ሁለት ቦታ ታክመዋል። እንክብሉን ውጠው ጨርሰዋል። ሆዳቸው ግን አልተሻለውም። ቀስ ብዬ ስጠይቅ ልጃቸው በባሕር አድርጎ ዓረብ አገር ለመግባት ወጥቷል። ከወጣ ሰባት ወር ሆኖታል። ድምፁ የለም።

"ለሰው ነግረዋል ወይ?" አልኳቸው።

"ለሁሉም ነግሬ ነበር" አሉኝ። "ሁሉም አብሽሪ አለኝ። ከዚያ በኋላ መናገር አፈርሁ።"

ይህች ዓረፍተ ነገር ከብዙ የትምህርት ቤት ንግግር በላይ አስተምራኛለች። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ በሷ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

መጀመሪያ ስለ ሆድ። እኛ ስሜታችን የሚኖረው ሆዳችን ውስጥ ነው። ሆድ ባሰኝ እንላለን። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ አረረ፣ አንጀቴን በላው፣ ሆዴን ባር ባር አለው እንላለን። እነዚህ አንድ አይደሉም። ሆድ የባሰው ሰው ያዘነው ብቻውን የቀረ ስለመሰለው ነው። ባር ባር የሚለው ደግሞ ገና ያልመጣ፣ ስም የሌለው ክፉ ነገር የሚጠብቅ ነው። አንጀቱ ያረረው ውስጥ ውስጡን የተቆጣ ነው። ስሜቱን ለይቶ በስሙ የሚጠራ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ስለዚህ ከስልክ የመጣውን ቃል ከመበደራችን በፊት የራሳችንን ሻንጣ እንፈትሽ።

ይሁንና ሆድ የሚለው ነገር ያሳስታልም። የጭንቀትና የድባቴ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ወደ ሐኪም የሚመጡት በሰውነታቸው በኩል ነው። ራሴን፣ ጀርባዬን፣ ጨጓራዬን፣ ውስጤን ያቃጥለኛል ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ በእውነት ያማቸዋል። ጨጓራን ማስመርመር ተገቢ ነው። ምርመራው ምንም ካላገኘ ግን "ምንም የለብዎትም" ብሎ መሸኘት ሕመምተኛውን ውሸታም ማድረግ ነው።

አሁን ድባቴ አልኩ። ልብ በሉ፣ ድብርት አላልኩም። "ዛሬ ደበረኝ" የምንለው፣ ዝናብ ሲዘንብና መብራት ሲጠፋ የሚሰማን ነገር ነው። ደሴ ክረምት ላይ ጉም የጦሳን ተራራ ሲሸፍነው ሁላችንም ይደብረናል። ጉሙ ሲገለጥ ይለቀናል። ድባቴ የሚባለው ሕመም፣ ልጆቹ ዲፕሬሽን የሚሉት፣ ግን ጉም ተገለጠም አልተገለጠም አይለቅም። ባለሙያዎች ዘጠኝ ምልክቶችን ይቆጥራሉ። ሐዘን ወይም ባዶነት። ድሮ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት። የእንቅልፍ መዛባት። የምግብ ፍላጎት መለወጥ። ድካም። ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል። ራስን ያለ ልክ መውቀስ። ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ። የሞት ሐሳብ። ከነዚህ ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከቆዩ፣ ከአምስቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ከሆነ፣ ያኔ ሕመም ነው ይባላል። ኑሮን ማሰናከሉም ይታያል።

ወገኖቼ፣ ሁለተኛዋን ምልክት አደራ። ሰው ድባቴ የያዘው ሰው ሁልጊዜ የሚያለቅስ ይመስለዋል። ብዙዎቹ አያለቅሱም። የሚወደውን የእግር ኳስ ጨዋታ ማየት የተወ ልጅ፣ ቡና ጠጡ ሲሏት "ይቅርብኝ" ማለት የጀመረች ወሎዬ ሴት... ወሎዬ ቡና ይቅርብኝ ካለች እኔ በበኩሌ እደነግጣለሁ።

መድኃኒትም አለው። ሥራ ለመጀመር ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሰው በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። ሲሻለውም ሐኪሙን ሳያማክር ያቆመዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ወደ ጭንቀት ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሠቃይበት ስለሆነ።

ጭንቀት በራሱ በሽታ አይደለም። የአሜሪካው ሊቅ ዋልተር ካነን ከመቶ ዓመት በፊት ያብራራው ነገር አለ። እንስሳ አደጋ ሲያይ ሰውነቱ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል። አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሄዳል። ጅብ ሲመጣ ይህ ያድናል። ችግሩ ጅብ በሌለበት ሲነሳ ነው።

አንድ ነጋዴ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ በየሳምንቱ ይመላለሳል። አንድ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ድንገት ልቡ ዘለለ። ጣቶቹ ደነዘዙ። ላብ አጠመቀው። "ልሞት ነው፣ አውርዱኝ" አለ። አወረዱት። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ልቡን መረመሩት፣ ልቡ ደህና ነው። ይህ ፓኒክ የሚባለው ነው። ድንገት ይመጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጣት የሚደነዝዘው ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ በደማችን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም።

ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኮምቦልቻ አልሄደም። ቀረበትና እፎይ አለ። ያቺ እፎይታ ናት ወጥመዷ። አእምሮው "አየህ፣ ስላልሄድክ ዳንክ" ብሎ ተማረ። ቀጥሎ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በታክሲ መሄድ ተወ። ቀጥሎ ባጃጅ። ወንድሙ ሱቁን ያዘለት፣ ሚስቱ ገበያ ወጣችለት፣ ጎረቤት "አብሽር፣ አትሂድ፣ እኛ እናመጣለን" አለው። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት። በፍቅር አሠሩት።

ሕክምናው የሸሹትን በልክ በልኩ መቅረብ ነው። መጀመሪያ መናኸሪያ ሄደን የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሞተሩ አልተነሳም። ልቡ መታ። ጠበቅን። እየቀነሰ ሄደ። የሚቀጥለው ቀን መስኮቱ ዝግ ሆኖ ተቀመጥን። ረዳቱ "ምን ዓይነት ተሳፋሪ ናችሁ፣ ካልሄዳችሁ ውረዱ" ብሎ ጮኸብን። ሒሳብ ከፍለን ተቀመጥን። ከዚያ አንድ ፌርማታ። ከዚያ ሁለት። ሐረጎ ለመድረስ ሳምንታት ፈጀብን።

ከጭንቀት ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች ክፍላቸውን ሲያጸዱ "ኦሲዲ አለብኝ" ይላሉ። ንጽሕና መውደድ ሕመም አይደለም። ሕመሙን ወላጆቻችን በሌላ ስም ያውቁታል፤ ወስዋስ። ውዱእ አድርጎ ጨርሶ "በትክክል አላደረግሁም" ብሎ የሚመለስ፣ አሁንም የሚመለስ፣ ሶላቱ የሚያልፍበት ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ንስሐ ገብቶ በነጋታው ያንኑ ኃጢአት ደግሞ የሚናዘዝ ክርስቲያንም አለ። የእምነት ማነስ አይደለም፤ መብዛትም አይደለም። የማይፈልጉት ሐሳብ ይመጣል፣ ሐሳቡን ለማባረር አንድ ነገር ይደጋግማሉ፣ መደጋገሙ ሐሳቡን ያበረታዋል። ጥሩ ሼህና ጥሩ ካህን ይህን ያውቃሉ። "አንዴ ካደረግህ በቃህ" ይላሉ። እኛም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አንሠራም።

ትራውማ። ይህ ቃል ረክሷል። "የሒሳብ መምህሩ ትራውማ ሰጠኝ" የሚል ተማሪ ሰምቻለሁ። መምህሩ እዚህ ካሉ ይቅርታ።

ቃሉ የግሪክ ነው፤ ቁስል ማለት ነው። እኛ "የስነ ልቦና ጠባሳ" ብለን ተረጎምነው። እኔ ይህን ትርጉም አልወደውም። ጠባሳ የዳነ ቁስል ነው። ይታያል እንጂ አያምም። ትራውማ ግን ያልዳነውን ነው የሚለው። ይህን የሚያህል ልዩነት በአንድ ቃል ጠፋብን።

እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከቬትናም ጦርነት የተመለሱትን ወታደሮች ጭምር አይቶ ለዚህ ሕመም የራሱን ስም ሰጠው። ሰው ሞትን ወይም ከባድ ጉዳትን ካየ በኋላ የሚመጣ ነው። ነገሩ በሕልም ወይም በቁም ቅዠት ይመለስበታል። የሚያስታውሰውን ቦታና ወሬ ይሸሻል። በትንሽ ድምፅ ይበረግጋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለው ሐሳብ ይጨልማል። ይህ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ነው ሕመም የሚባለው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እዚህ ያልነበረ ሰው በዚህ አዳራሽ ብዙ አይመስለኝም። ዝርዝሩን አላነሳም። ለዛሬ አልመጣንበትም። አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት ላይ የተኛ ሰው አላበደም። ሰውነቱ የተማረውን ነው ያደረገው። አብዛኛው ሰው ከጊዜ ጋር፣ ከቤተሰብ ጋር፣ ወደ ሥራው ሲመለስ እየለቀቀው ይሄዳል። ያልለቀቀው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሕክምናም አለው።

ሌላው፣ የደረሰበትን ሰው ይዛችሁ "እስቲ ሁሉንም ንገረን፣ አውጣው" አትበሉት። በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ማስወጣት ይጠቅማል ተብሎ ሲሠራበት ቆይቶ፣ ሲጠና እንደማይጠቅም ታየ፤ አንዳንዱን ይጎዳዋል። ዛሬ የሚመከረው ሦስት ነገር ነው። ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ምን እንደጎደለው እዩ። ሊያወራ ከፈለገ ስሙት፤ ካልፈለገ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ሁኑ። ቤተሰቡን፣ ምግብ፣ ሐኪም፣ የሚያስፈልገውን አገናኙት።

አያቴን አነሳለሁ። የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ በዓይኗ አይታለች። እስክትሞት ድረስ ትራሷ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ነበር። ልጆች ሆነን እንስቅባት ነበር። ዛሬ ስጠየቅ "አያትህ ትራውማ ነበረባት?" ይሉኛል። አላውቅም፤ አልመረመርኳትም። ታርስ ነበር፣ ትስቅ ነበር፣ ሰው ታበላ ነበር። ቆሎው ግን ነበር።

ወደ ሐዘን ስመጣ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ እኛ ብዙ እናውቃለን ባይ ነኝ። ቅሬ አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድር። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ይቆማል። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰደቃው፣ ሁሉም ሐዘንተኛውን በየተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዳይተዉት የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የተሳሳተ ነገር በየስልኩ ይዞራል። "ሐዘን አምስት ደረጃ አለው" የሚለው። አለመቀበል፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ስትጽፍ ስለ ሐዘንተኛ አልነበረም። ራሳቸው ለመሞት ስለተቃረቡ ሕሙማን ነበር። ሐዘንተኛ በደረጃ አይሄድም። ጠዋት ተቀብሎ ማታ ይቆጣል። በሦስተኛው ዓመት ሽታ ያለቅስበታል። "ገና ቁጣው ላይ ነህ፣ ድርድሩ ይቀርሃል" ብላችሁ ሰው አትቁጠሩ።

ወደ እናቲቱ ልመለስ፤ ልጃቸው ወደጠፋው። ለሳቸው ቅሬ አልተጠራም። ሰልስት የለም። የሞተ የለማ! ግን ልጅም የለም። ይህን ዓይነቱን ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ በጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ስም አወጣችለት። በአማርኛ "ያልለየለት እጦት" ልበለው። ሰውየው የለም፣ ግን አልተቀበረም። ሲያለቅሱ በልጃቸው ላይ እንደ ማሟረት ይሆንባቸዋል። ሲስቁ እንደ ክህደት። ስለዚህ መሐል ላይ ይቆማሉ። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው "አብሽሪ፣ ይመጣል" ሲባል አይጽናናም፤ "እርምሽን አውጪ" ሲባልም አይጽናናም። ሁለቱም ያልታወቀውን እንደታወቀ አድርገው ስለሚናገሩ። እኔ ያልኳቸው "አለማወቁ ነው የገደለዎት" ብቻ ነው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። በወሎ ስንት እናት እንዲህ እንዳለች እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ትንሽ ፈታ እንበል። ራስን ስለ መከላከል።

ሲግመንድ ፍሮይድ የጀመረውን ልጁ አና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1936 ሰብሰብ አድርጋ ያቀረበችው ነገር አለ። አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ሳናውቀው የሚሸሽባቸው መንገዶች። ተማሪዎች ለፈተና በቃላቸው ይይዟቸዋል። እኔ ግን ስማር "ይህንማ አያቴ ነግራኛለች" ነበር ያልኩት። አለቃው የሰደበው ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ይጮሃል። መጽሐፉ ለዚህ ረጅም ስም አለው። እኛ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ብለን ጨርሰነዋል። የራሱን ጉድ ሌላው ላይ የሚያይ ሰው፣ እየዋሸ ሁሉም ይዋሸኛል የሚል፣ እሱም ስም አለው። "ሌባ እናት ልጇን አታምንም።" ከዚህ የሚያምር ትርጉም የት ይገኛል?

አንደኛው ትርጉም ግን ያስቸግረኛል። አለመቀበልን አንዳንዶች "ክህደት" ይሉታል። ክህደት በኛ ቋንቋ ነውር ነው፣ አውቆ መዋሸት ነው። ልጁ ታሞ "ምንም አልሆነም" የሚል አባት አልካደም። አልቻለም።

ስለ ተረት ከተነሳ፣ አንድ የምጣላው አለኝ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።" ለሕመምተኛው በየጊዜው ይነገረዋል። እውነት ነው፣ ግን ጥፋቱን በሙሉ ለደባቂው ይሰጣል። ለምን ደበቀ? "ለቀቀበት" ስለምንል። "ነካ አድርጎታል" ስለምንል። "አማኑኤል ግባ" የሚለውን እንደ ስድብ ስለምንጠቀምበት። አማኑኤል እኮ ሆስፒታል ነው። "ልብህ ይታመም፣ ልብ ሐኪም ጋ ሂድ" ብሎ የሚሳደብ ሰው አልሰማሁም።

እዚህ ስለ ስኪዞፍሬኒያ በአጭሩ። ሁለት ሰው መሆን አይደለም። ፊልም ነው እንዲህ ያስመሰለው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ "ይከታተሉኛል" የሚል የማይናወጥ እምነት፣ ንግግር መዘበራረቅ፣ ከሰው መሸሽ ይታይበታል። ቶሎ ሲታከም ብዙ ለውጥ አለው። አንዳንድ ቤተሰብ ጸበል ይወስዳል፣ አንዳንዱ ዱዓ ያስደርጋል፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ይቀመጣል። እኔ አልከለክልም። ሰውን የሚያስተሳስር ነገር አልነቅፍም። ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። መድኃኒቱን አታስጥሉት። በሰንሰለት አትሰሩት።

ጫትንም ሳላነሳ ብሄድ ወሎ ውስጥ ንግግር አደረግሁ ማለት አልችልም። ውስጡ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ምርቃናው ሲያልቅ ሌሊቱ እንቅልፍ ያጣል፣ ዱካክ (ክፉ ቅዠት) ይመጣል፣ ጠዋቱ ይጨልማል። "ድባቴ አለብኝ" ብሎ ለሚመጣ ወጣት መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው። "የምክር አገልግሎት" እንለዋለን። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሰው ምክር ሊቀበል ይመጣል። "እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ልፍታት ወይስ ልታገሥ?" ይላል። እኔ አልመልስለትም። ይናደዳል። "ታዲያ ብሬን ለምን ትቀበላለህ?" ያለኝም አለ። እውነቱን ነው። ምክርማ በነጻ ሞልቷል። አጎት ይመክራል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ የባጃጅ ሹፌር ይመክራል።

ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ሙያችንን ብዙ ለውጦታል። ሰው የሚለወጠው ሳይፈረድበት በእውነት ሲደመጥ ነው አለ። ቀላል ይመስላል። እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ሰው እያወራላችሁ ለአሥር ደቂቃ ሳትመክሩ፣ "እኔም እኮ አንዴ" ሳትሉ፣ አብሽር ሳትሉ ቆዩ። ላብ ያወጣል።

ለተማሪዎቼ በቡና ነው የማስረዳው። በአቦሉ አዳምጥ። በቶናው "ከዚያስ?" በል። አብሽር ለበረካው ይቆይ። አብሽርን በአቦል የሚል ሰው ጀበናውን ሳይፈላ ነው ያወረደው።

ሌላው አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው መንገድ ነው። ሐሳብን መመርመር። ፒያሳ ላይ ጓደኛችሁን "እንዴት ነህ!" ትሉታላችሁ። ዝም ብሎ ያልፋል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ መነፈግ ቀላል ነገር አይደለም። ወዲያው "ናቀኝ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ስሜት ይወልዳል፤ ይከፋችኋል። ስሜቱ ሥራ ይወልዳል፤ በሚቀጥለው ቀን እናንተም ትዘጉታላችሁ። እሱም "ምን አድርጌው ነው?" ይላል። ጠብ ሆነ። ሰውየው ግን እናቱ ሆስፒታል ተኝታ እያሰበ ነበር የሚሄደው። ወይም አልሰማም። ወይም፣ እውነት ነው፣ ንቋችሁ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው "መልካም መልካሙን አስብ" አይደለም። "ማስረጃህ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ልክ እንደ ዳኛ።

ስለ ሚስጥርም ጠይቃችሁኛል። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። ባለሙያው የአክስት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የነገራችሁኝ ከኔ አይወጣም። የማይጠበቀው የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ነው፤ ይህንንም መጀመሪያውኑ እነግራችኋለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እናንተ ሰላም ካላላችሁኝ እኔ አልልም። ሰው ይታዘበኛል። "ኮራ" ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሁሉም ሰው ባለሙያ ዘንድ ይምጣ ማለቴ አይደለም፤ ቢመጣም አንበቃም። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ይህ ችግር ገጥሞት እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን አሠለጠነ። ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። አያቶቹ "ዲፕሬሽን" አይሉም። በሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" ይላሉ፤ ሐሳብ መብዛት። እኛም "ሐሳብ አበዛሁ" እንል የለ? አያቶቹ ያዳምጣሉ፣ ሰውየው ራሱ አንድ ችግር እንዲመርጥ፣ አንድ መፍትሔ እንዲሞክር ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና ይልቅ እነዚያ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት በስድስት ወር ውስጥ የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ አሳየ። ይህን ሳነብ የኛ ሰፈር ዱበርቲ (የሴቶች የጸሎት ስብስብ) የሚቀመጡት እናቶች ነበሩ ዓይኔ ላይ የመጡት። ወንበሩም አያስፈልገንም፤ ምንጣፍ አለን።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዲት መምህርት "ተማሪዬ መሞት ይሻለኛል እያለች ትጽፋለች። ብጠይቃት ሐሳቡን እንዳላባብስባት ፈራሁ" አሉ። ጠይቋት። በቀጥታ፣ በእርጋታ። "ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?" መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ብዙዎች "ተጠየቅሁና እፎይ አልኩ" ነው የሚሉት። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ አደገኛ ነገር ከአጠገቧ ይራቅ፣ የዚያኑ ቀን ከቤተሰብ ጋር ወደ ሐኪም ትሂድ። እዚያም አብሽሪ አይቅደም።

ሁለተኛው አንድ ወጣት ነው። ቆሞ ብዙ ተንተባተበ። "ሆስፒታል ልሂድ ብዬ ካርድ ክፍል ድረስ ሄጄ ነበር። መስኮቷ ጋ ሰው ተሰልፏል። ጎረቤቴም አለች። ምን ሆነህ ነው ስትለኝ ምን ልበል? ተመለስኩ።"

አዳራሹ ዝም አለ። ማንም አልሳቀም።

"እንቅልፍ እምቢ አለኝ በላት" አልኩት። "ውሸት አይደለም፤ አይደል?"

"አይደለም" አለ።

"እሱ ይበቃል። ሌላውን ውስጥ ትናገራለህ።"